የቀለቦቹ አሳዳጊ

እናቴና አጎቴ «እታለም» ብለው ነው የሚጠሯት። እኛ የእህትና የወንድም ልጆችም ከእነሱ ሰምተን እታለም አልናት። እናት አባቷ ያወጡላት ስም የሚገኘው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ይመስለኛል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት አጎቴ ገና ድክ ድክ ይል ነበርና እታለም ደብተሯን ጥላ እሱን አዘለች። ከዚያ ወዲህ «አሁንስ አውርጂው» ያላት ሰው የለም።

አጎቴ አደገ፣ ተማረ፣ አገባ፣ ቤት ሠራ። እሷንም ይዟት ገባ። ይህችን ውለታውን ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራታል። «እታለምን ሜዳ ላይ አልጥላትም» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እውነቱን ነው፣ ሜዳ ላይ አልጣላትም። የጣላት ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ፣ የዱቄት ጆንያዎች፣ ጎማው የወለቀ የሕፃን ጋሪ ይዛለች። የእሷ የሆኑት አልጋውና ሻንጣው ብቻ ናቸው። አንደኛው ግድግዳዋ ከሳሎኑ ጋር የጋራ ነው። አጎቴ ውኃ ሲጠማው፣ ካልሲው ሲጠፋው፣ እንግዳ ሲመጣበት፣ ከሶፋው ሳይነሣ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ቋ ቋ ያደርጋል። እሷ እጇን እያደራረቀች ከች ትላለች።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ምነው በአፍህ ብትጠራት?» አልኩት።

«ጮክ ስል ልጆቹ ከእንቅልፍ ይነሣሉ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ልጆቹ ያን ጊዜ ተመርቀው ሥራ ይዘው ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ላይ ኩሬ አለ። የወረሱት ሦስቱም ናቸው፣ «የኔ ኩሬ» የሚለው ግን አንዱ ብቻ ነው። እናቴ ሌላ ሰፈር የራሷን ኑሮ ስለምትኖር ነገሩን ትታዋለች። እታለም ደግሞ መጠየቅ እንደሚቻልም የምታውቅ አይመስለኝም። ኩሬው ደለል ሞልቶት፣ ሣር ውጦት፣ እንቁራሪት የሚጮህበት ረግረግ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ። አጎቴ ጡረታ ሲወጣ ግን ዓይኑ በራ። የሆነ ቦታ ሰዎች ወንበር ዘርግተው፣ መንጠቆ ወርውረው፣ ዓሣ ሲጠብቁ ሲውሉ አይቶ መጣ። «ባይዙም እኮ ከፍለው ነው የሚሄዱት!» ይለናል። ከሁሉም ያስገረመው ይኼ ነበር።

ኤክስካቫተር መጣ። ደለሉ ወጣ፣ የተናደው ግድብ ተሠራ፣ የውኃ መውጫው ቱቦ ተቀየረ፣ ዳር ላይ ደግሞ ለዕቃ ማስቀመጫ የምትሆን አንዲት ክፍል ተሠራች። ዝናቡ ኩሬውን ሞላው። ውኃው ግን ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። እጃችሁን እስከ አንጓው ብትነክሩ ጣታችሁን አታዩትም። አጎቴ ጠዋት ጠዋት እየሄደ «ይጠራል፣ ይጠራል» ይላል። ውኃው አልሰማውም።

ዓሣ የሚሸጥለት ሰው ራሱ የኩሬ ባለቤት ነው። ወፍራምና ቶሎ የሚያልበው ሰውዬ ነው፣ ዓሣ አርቢው እንለዋለን። እሱ መጥቶ ዙሪያውን አየና «ትልልቆቹን አሁን አልሰጥህም» አለው። «እዚህ ገብተው ምን ሊበሉ ነው? ጭቃ? መጀመሪያ ትንንሾቹን አስገባ። ከትንሽ ጣት የማይበልጡ ዘሮች አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይራባሉ። እነሱ ኩሬውን ይልመዱት፣ ይዋለዱበት። ከዚያ ትልልቆቹ ይመጡና እነሱን እየበሉ ያድጋሉ።»

አጎቴ ነገሩ ወዲያው ገባው። ለትንንሾቹም ስም አወጣላቸው፣ «ቀለብ» አላቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ቀለቦቹ መጡ? ቀለቦቹ ደረሱ?» ሆነ ወሬው ሁሉ።

ገና እንደ እህል ፍሬ ያሉ ስለነበሩ ግን ጠንከር እስኪሉ ድረስ ቤት ውስጥ የሚያሳድጋቸው ሰው ያስፈልግ ነበር። መቼም ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ሲጠይቃት እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

«እታለም፣ አንቺ አሳድጊልኝ። ቀለቦቹ ተራብተው ትልልቆቹ የገቡ ዕለት ኩሬው ዳር ያለችው ክፍል ያንቺ ናት። ቁልፉን በእጅሽ ነው የምሰጥሽ።»

እታለም ቀና ብላ አየችው። «መስኮት አላት?»

«አላት እንጂ! ወደ ውኃው የምታሳይ።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። በማግስቱ ክር ይዛ ሄዳ የመስኮቱን ወርድና ቁመት ለካች፣ ክሩን በልኩ ቋጥራ መጣች። ድሮ እናቴ ለቀሚስ ብላ የሰጠቻት፣ ሻንጣው ሥር ተጣጥፎ የኖረ አበባማ ጨርቅ ነበራት። እሱን አውጥታ መጋረጃ ሰፋችው። በእጇ ነው የሰፋችው፣ ስፌቱ ግን የመኪና ይመስላል። ጨርሳ ሳታሳየኝ አጣጥፋ ወደ ሻንጣው መለሰችው። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ዓሦቹን ጓሮ በተጣለ የገላ መታጠቢያ ገንዳና በሁለት በርሜሎች ውስጥ አሳደገቻቸው። የደረቀ ዳቦ ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀይራለች፣ ፀሐይ ሲከር ማዳበሪያ ጆንያ ትዘረጋላቸዋለች። ዳቦውን ከመበተኗ በፊት ደግሞ የገንዳውን ጠርዝ በማንኪያ ቃ ቃ ቃ ታደርጋለች። ይህን ያስተማራት የለም፣ ከራሷ ያመጣችው ነው። ጥቂት ሰንብተው ዓሦቹ ድምፁን ለዩት። ማንኪያው ሲመታ ከያሉበት ተጠራርተው ይወጣሉ፣ ውኃው እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል።

እሁድ እሁድ ስሄድ ሰላም እንኳ ሳትለኝ «ነይ ላሳይሽ» ብላ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ትወስደኝ ጀመር። ማንኪያውን ትመታለች፣ ይመጣሉ፣ ዞር ብላ ፊቴን ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው ሲጠራት የኖረች ሴት ጠርታ የሚመጣላት ስታገኝ ጊዜ ልጅ ሆነች። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የት ነበር ይኼ ሳቅ?

ወደ ኩሬው የተወሰዱት በጭነት መኪና ነው። እታለም ገቢና አልገባም አለች፣ ከኋላ ከበርሜሎቹ መሀል ተቀምጣ፣ በየጉድጓዱ መኪናው ሲዘል ክዳኑን በሁለት እጇ እየያዘች ሄደች። እንደደረስን አጎቴ «በሉ ድፏቸው!» አለ። እሷ ግን የኩሬውን ውኃ በኩባያ እየቀዳች፣ ትንሽ ትንሽ በርሜሉ ውስጥ ታፈስ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው? ዓሣ ውኃ ይፈራል እንዴ?»

«ውኃው ይለያል፣ ወንድምዬ። ትንሽ ይልመዱት።»

«ኧረ ፀሐዩ አናቴን ሊበሳው ነው!»

«ጥላው ሥር ቁም» አለችው። እሱን እንደዚህ ስትመልስለት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በርሜሎቹ ሲዘነበሉ ዓሦቹ ብልጭ ብልጭ እያሉ ወረዱና ጭቃማው ውኃ ዋጣቸው። በቃ። አንድ እንኳ አይታይም። አጎቴ እጁን አራግፎ ወደ መኪናው ሄደ። እታለም ባዶ በርሜሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ትንሽ ቆይታ «የት እንደሄዱ አላይም እኮ» አለችኝ።

ስህተቷን የሠራችው በማግስቱ ነው። ሌሊቱን ስታስብ አድራ፣ መኖራቸውን ብቻ ልወቅ ብላ ብቻዋን ሄደች። ማንኪያና ቆርቆሮ ሳህን ይዛ ዳር ላይ ተቀመጠችና መታች። ወጡ። ሁሉም ወጡ። ዳቦዋን በተነችላቸው። ቀና ስትል አጎቴ ግድቡ ላይ ቆሞ ያያታል።

«እታለም!» አለ አፉን ከፍቶ። «እስቲ ድገሚው!»

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ውኃው ባይጠራም የሚያሳየው ነገር አገኘ። ኩሬው ዳር ምሰሶ አስተከለ፣ ሳህኑን በሽቦ፣ ማንኪያውን በገመድ አሰረበት። ቅዳሜና እሁድ ወዳጅ ዘመዱን ይጠራል፣ ወንበር ይዘረጋል፣ ማንኪያውን ይመታል። ቀለቦቹ ይወጣሉ፣ እንግዳው ያጨበጭባል። ሰው ሁሉ «አንተ እኮ የተለየህ ነህ» ይለዋል። እሱም «ትዕግሥት ነው፣ ትዕግሥት» ይላል ዓይኑን በጨው ታጥቦ። እታለም ወንበር ታቀብላለች።

ነገሩን ያየው እንግዳ ብቻ አልነበረም። እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ነበሩ። መጀመሪያ አንዷ መጣች፣ ቀጥሎ ወገኖቿን ይዛ መጣች። ማንኪያው ሲመታ ከዓሦቹ ቀድመው ዳሩ ላይ ይሰለፋሉ። እያነሡ ይውጣሉ። ይህም ለእንግዶቹ ሌላ ጨዋታ ሆነላቸው፣ ፎቶ ያነሣሉ።

ዓሣ አርቢው የመጣው ያን ሰሞን ነው። ወፎቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ማነው እንዲህ ያስለመዳቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች እታለም።

«እናቴ፣ እነዚህ እኮ መደበቅ አለባቸው። መደበቅ ካላወቁ ትልልቆቹ ሳይመጡ ወፍ ይጨርሳቸዋል። እርስዎ ያስለመዷቸውን እርስዎው ያስረሷቸው።»

እታለም ለአጎቴ ነገረችው። ለመነችው ብል ይሻላል። «ወፍ ስንቱን ትበላለች ብለሽ ነው?» ብሎ ሳቀባት። ማንኪያውን ከገመዱ ፈትታ ደበቀችው። ሌላ ገዝቶ አሰረ። ቀለቦቹ ካለቁ ትልልቆቹ አይገቡም፣ ትልልቆቹ ካልገቡ ክፍሏ የለችም። እሱ ይህ አልታየውም፣ ወይ ደግሞ ግድ አልሰጠውም። እሷ ግን ሌላ ነገር አይታያትም ነበር።

ታዲያ ማንም በሌለበት በሥራ ቀን መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ዕረፍት ወስጄ አብሬያት ሄድኩ። ምን ልታደርግ እንደሆነ አልነገረችኝም።

ዳር ላይ ቆመች፣ ማንኪያውን መታች። ውኃው ተንተከተከ፣ መጡ። አፋቸውን ከፍተው፣ እየተጋፉ፣ እግሯ ሥር ድረስ መጡላት። እታለም ዳቦ አልበተነችም። ከጀርባዋ ደብቃው የነበረውን ቅርንጫፍ አንሥታ ውኃውን በሙሉ ኃይሏ ዠለጠችው። ጭቃው ፊቷ ላይ ተረጨ። ዓሦቹ ተበተኑ። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ማንኪያውን መታች። እንደገና መጡ፣ ቁጥራቸው ከበፊቱ አነስ ብሎ። እንደገና ዠለጠች።

«ሂዱ!» ትላለች። «ሂዱ አልኳችሁ! ማንም ሲጠራችሁ ብድግ ብላችሁ አትምጡ!»

እኔ «እታለም፣ በቃ» ብል ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። እየቀነሱ እየቀነሱ ሄደው በመጨረሻ አንዲት ብቻ ቀረች። ይህቺ ሞኝ የሚመጣባትን ሁሉ ችላ ማንኪያው ሲመታ ትመለሳለች። ቅርንጫፉ አገኛትና ሆዷ ወደ ላይ ተገልብጣ ተንሳፈፈች። እታለም ጎንበስ ብላ አነሣቻት፣ በመዳፏ ይዛ ቆየች፣ ከዚያ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አደረገቻት። «ፊትሽን ጥረጊ» አላልኳትም፣ ጭቃው ምን እንደሸፈነ አውቅ ነበርና።

እንዲህ እያደረገች ሰነበተች። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቴ ሲመታ የሚወጡት እያነሱ ሄዱ። «ሙቀቱ ነው» ይላል። ወፎቹ ሲሰለቻቸው ሌላ ቦታ ሄዱ።

አንድ ቀን አጎቴ ትልቅ እንግዳ ይዞ መጣ። ሰውየው የመዝናኛ ድርጅት ኃላፊ ነው፣ ከወደደው ደንበኞቹን ሁሉ ወደ ኩሬው ሊልክለት ነው። አጎቴ ኮት ለብሷል። ሚስቱ፣ የሚስቱ ወንድም፣ እኔ፣ እናቴ ሁላችንም ተሰልፈናል። ኃላፊው ውኃውን አየና አፍንጫውን ነፋ።

«ጭቃ ነው እኮ።»

«አሁን ጉድ ያያሉ» አለው አጎቴ። ማንኪያውን መታ።

ምንም።

ደግሞ መታ። አሁንም ምንም። ውኃው ዝም። አጎቴ እየሣቀ ደጋግሞ መታ፣ ሣቁ እያለቀ ደጋግሞ መታ። ሳህኑ ተንጋደደ።

«ዓሣ ግን አለ?» አለ ኃላፊው ሰዓቱን እያየ።

አጎቴ ዞረ። «እታለም! ምን ሆኑ?»

«አሉ።»

«የት?»

«ከሥር።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም?»

«እንዳይወጡ ስላስተማርኳቸው ነዋ» አለች። አልፈራችም፣ አልተኩራራችም። ልክ «ምሳ ደርሷል» እንደምትል አለችው።

አጎቴ በሰው ፊት የሚጮህ ሰው አይደለም። እንግዳውን እስከ መኪናው ሸኘ፣ ተመልሶ መጣ፣ ማንኪያውን ከገመዱ በጥሶ ውኃው ውስጥ ወረወረው። «ተዋረድኩ» አለ። «አሳድጌሽ፣ አስጠልዬሽ፣ ጉድ ሠራሽኝ።» አሳድጌሽ አላት! እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት እታለም በዓይኗ ከለከለቻት።

ዝናቡ አልፎ ዓሣ አርቢው መረቡን ይዞ መጣ። አንድ ጊዜ ጥሎ ሲጎትት መረቡ አልነሣ አለው። ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ዓሣ፣ የትንንሾቹ ትንንሽ፣ ግልገል በግልገል። «ኧረ ይኼ ምን ጉድ ነው!» አለ ሰውዬው ላቡን እየጠረገ። «አሁን ትልልቆቹን አመጣልሃለሁ።» አጎቴ የእታለምን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ይቅርታ መሆኑ ነው።

ትልልቆቹ ገቡ፣ ወፈሩ። የመዝናኛው ኃላፊም ሰምቶ ተመለሰ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩሬው ዳር ወንበር አይገኝም፣ ውኃው ግን አሁንም ጭቃ ነው። አጎቴ ለእንግዶቹ እንዴት ታግሦ እንዳራባቸው ያወራል።

ስለ ክፍሏ ማንም አላነሣም። እታለም ጠበቀች። ሥራዋን ስትጨርስ እጇን አጣጥፋ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ በጎን ያልፋል። በመጨረሻ ጠየቀችው።

«እዚያ እኮ ብርድ ነው፣ እታለም» አላት። «ዕድሜሽ ነው፣ ጉልበትሽን ያምሻል። ደግሞ አንቺ ከሄድሽ እኛስ?» ኩሬው ዳር ባለችው ክፍል የሚስቱ ወንድም ከገባ ቆይቷል። ለእንግዶቹ ትኬት ይቆርጣል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ እሁድ የአጎቴ ሚስት ማድ ቤት ድረስ መጥታ «ያቺ የሰፋሻት መጋረጃ ሥራ ፈታ ከምትቀመጥ ለወንድሜ ስጪኝ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ እየወጣበት ተቸግሯል» አለቻት። እኔ ማሰሮ እያጠብኩ ነበር። እታለም ተነሥታ ሄደች፣ ሻንጣዋን ከፈተች፣ እንደተጣጠፈ አምጥታ ሰጠቻት። ሴትየዋ ማታ ስትመለስ «ልክክ ብሎ ገጠመ እኮ! እንዴት አወቅሽው?» አለች።

«ለክቼ ነው» አለች እታለም። ሽርጧን አወለቀች፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ ክፍሏ ገባች።

እኛ ሳሎን ተቀመጥን። አጎቴ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ እግሩን ዘረጋ፣ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ግድግዳውን ቋ ቋ አደረገ። ውኃ ጠምቶት ነው። ማንም አልመጣም። ትንሽ ጠብቆ ደገመ። ጠንከር አድርጎ ሠለሰ።

«ተኝታ ይሆናል» አለች ሚስቱ።

«በዚህ ሰዓት?» አለና እያጉረመረመ ተነሣ። እኔም ተከተልኩት። በሩን ገፋው። እታለም አልጋዋ ጠርዝ ላይ፣ ልብሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ዓይኗ ፍጥጥ ብሏል።

«እታለም፣ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለችው።

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እሷ አልተነሣችም።